ከጨጓራ መድኃኒት በኋላ፦ ፕሮባዮቲክ ልግዛ ወይስ እርጎ ልጠጣ?

ጥያቄ፦ «የ36 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ጂማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ከሁለት ወር በፊት ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶብኝ የ14 ቀን መድኃኒት ጨርሻለሁ። ጨጓራዬ ተሽሎታል። ከዚያ ወዲህ ግን ሆዴ ይነፋል፣ አንዳንድ ቀን ሦስት አራት ጊዜ ያስቀምጠኛል፣ በዚህ ክረምት ጉንፋንም ሁለት ጊዜ ይዞኛል። አንድ ፋርማሲ ውስጥ ‹መድኃኒቱ ጥሩውን ባክቴሪያ ስለ ጨረሰው ነው፤ ይህን ፕሮባዮቲክ ሦስት ወር ውሰድ፣ የመከላከል አቅምህ ይመለሳል› ብለው ከውጭ የመጣ እንክብል አሳዩኝ። ዋጋው ደመወዜን ያናጋል። ባለቤቴ ደግሞ ‹ጎረቤት የምትታለብ ላም እያለች፣ እንጀራና እርጎ እየበላህ ምን ፕሮባዮቲክ ያስፈልግሃል› ትላለች። ማንን ልስማ?»

ምላሽ፦ እንክብሉን አይግዙ። ሳይፈላ የረጋውን የጎረቤት ወተትም አይጠጡ። በመጀመሪያ ሰገራዎን ያስመርምሩ። ማንን ልስማ ላሉት መልሱ ይኸው ነው፤ ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

«ጨረሰው» ከሚለው ቃል እንነሣ። በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን የሚጠጉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ እጅግ የሚበዙት ትልቁ አንጀት ውስጥ ናቸው። ሁሉም ተሰብስበው ቢመዘኑ ሁለት መቶ ግራም ገደማ ቢሆኑ ነው። «ከሰውነታችን ሴሎች በአሥር እጥፍ ይበልጣሉ» የሚለው አባባል እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ስሌት ውድቅ ተደርጓል፤ ቁጥራቸው ከሴሎቻችን ጋር ተቀራራቢ ነው። ለኤች ፓይሎሪ በተለምዶ የሚታዘዙት አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ይህን ሕዝብ ያሳሱታል፣ ሚዛኑንም ያዛቡታል፤ አይጨርሱትም። በአንጀት ግድግዳ ላይ ባለው ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ተሸሽገው የተረፉት መልሰው ይራባሉ፤ ከምግብ፣ ከውኃና ከቤተሰብ የሚመጡም ይጨመሩባቸዋል። በአብዛኛው ሰው ላይ ነገሩ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ነበረበት ይጠጋል። አንዳንድ ዝርያ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል፤ እርሱን ግን ከፋርማሲ መደርደሪያ አያገኙትም፤ በእንክብል የሚሸጡት ጥቂት ዝርያዎች እርስዎ አጡ የተባሉት ናቸው ማለት አይደለምና።

ሁለተኛው ስሕተት «ፕሮባዮቲክ» የሚለው ስም ራሱ የሚያሳስተው ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ለቃሉ የሰጡት ፍቺ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ተሕዋሲው ሕያው መሆን አለበት፣ በበቂ መጠን መወሰድ አለበት፣ ለጤና የሚሰጠው ጥቅምም የታየ መሆን አለበት። ይህም ጥቅም የሚታየው ለአንድ የተለየ ንዑስ ዝርያና ለአንድ የተለየ ችግር ነው። ጂማ ውስጥ «ቡና ጥሩ ነው?» ብሎ የሚገዛ ነጋዴ የለም። የየት ወረዳ ነው፣ የታጠበ ነው ወይስ ጀንፈል፣ ስንተኛ ደረጃ ነው ይላል። ፕሮባዮቲክንም እንዲሁ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ላክቶባሲለስ» ብቻ ብሎ የሚተው እሽግ «ቡና» ብሎ እንደሚተው ጆንያ ነው። በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ሊሆን ይችላል። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሲነሣ ወደ አእምሮዎ የሚመጣው ተቅማጥ ነው፤ ነገር ግን አልፍሬድ ኒስሌ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1917፣ ጓደኞቹ በተቅማጥ ሲወድቁ እርሱ ደኅና ሆኖ ከቆየ ወታደር ሰገራ ለይቶ ያወጣው ኢ. ኮላይ እስከ ዛሬ በመድኃኒትነት ይሸጣል።

አሁን ወደ ማስረጃው። ፕሮባዮቲክ ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጋር አብሮ ሲወሰድ በመድኃኒቱ ሰበብ የሚመጣውን ተቅማጥ ይቀንሳል፤ በዚህ ላይ ያለው ማስረጃ ከሌሎቹ የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ6,000 በላይ ሕፃናት የተካተቱባቸው ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዘኑ፣ ፕሮባዮቲክ ካልወሰዱት መካከል 19 በመቶ ገደማ፣ ከወሰዱት ደግሞ 8 በመቶ ገደማ ተቅማጥ ይዟቸዋል። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ ስማቸው የሚነሣው ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ እና ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ ናቸው። ሁለተኛው ባክቴሪያ ሳይሆን እርሾ ነው፤ ስለዚህ አሞክሲሲሊን አይገድለውም።

ነገር ግን «አብሮ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። እርስዎ መድኃኒቱን ከጨረሱ ሁለት ወር አልፎዎታል። ከጨረሱ በኋላ መውሰድ ይጠግናል የሚለው ሐሳብ እንዲያውም ተቃራኒ ምልክት አጋጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በእስራኤል በሚገኘው የቫይዝማን ተቋም በ21 ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከፀረ ባክቴሪያ በኋላ የአሥራ አንድ ንዑስ ዝርያዎች ቅልቅል የወሰዱት ሰዎች የራሳቸው የአንጀት ባክቴሪያ ምንም ካልወሰዱት ይልቅ ዘግይቶ እንደተመለሰ አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ እንደ መጨረሻ ፍርድ አልቆጥረውም። ያም ሆኖ «ቢያንስ አይጎዳም» የሚለውን የተለመደ ማባበያ ለመጠራጠር ይበቃል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ 971፣ በካናዳ 886 ሕፃናት ላይ የተደረጉ ሁለት ጥናቶችም ፕሮባዮቲክ ድንገተኛ ተቅማጥና ትውከት ለያዛቸው ልጆች ምንም መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ የተሻለ ጥቅም እንዳልሰጠ አረጋግጠዋል።

«የመከላከል አቅምህ ይመለሳል» የሚለው ተስፋ እጅግ ያስቸግረኛል፤ ምክንያቱም መነሻው እውነት፣ መድረሻው ንግድ ነው። አንጀትና የመከላከያ ሥርዓት በእርግጥ ጎረቤታሞች ናቸው። በአንጀት ግድግዳ ውስጥና ዙሪያ ብዙ የመከላከያ ሴሎች ይገኛሉ። በትንሹ አንጀት ላይ የፔየር ጉብታዎች የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ሰፈሮች አሉ፤ ከምግብ ጋር የሚያልፈውን ሁሉ ይቀምሳሉ፣ ወዳጅን ከጠላት ይለያሉ። አይጂኤ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል በየቀኑ ወደ አንጀት ይመነጫል፤ ተሕዋስያን ግድግዳው ላይ እንዳይጣበቁም ያግዳል። ባክቴሪያዎቹ በበኩላቸው እኛ መፍጨት ያቃተንን የእህልና የአትክልት አሰር፣ በተለምዶ ፋይበር የሚባለውን፣ አብላልተው ቡቲሬት የተባለ አሲድ ያመርታሉ። የትልቁ አንጀት ሴሎች ዋና ቀለብ ይህ ነው፤ የመከላከያ ሴሎችንም ያለ ምክንያት እንዳይቆጡ ያረጋጋቸዋል።

ቁልፉ እዚህ ነው። ጤናማ የመከላከያ ሥርዓት ማለት ከፍ ያለ ማለት አይደለም፤ ሲያስፈልግ የሚነሣ፣ ሲበቃው የሚቀመጥ ማለት ነው። አስም፣ የምግብ አለርጂ፣ ሉፐስ፣ የአንጀት ቁስለት ሕመሞች፣ እነዚህ ሁሉ የሚመጡት ሥርዓቱ ከመጠን በላይ ወይም አለ ቦታው ሲቆጣ ነው። ስለዚህ «ከፍ ያደርጋል» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ምኑን፣ ስንት፣ ለምን ብለው ይጠይቁ። በክረምት ሁለት ጊዜ ጉንፋን መያዝ ደግሞ የመከላከል አቅም መውደቅ ምልክት አይደለም። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ጉንፋን ይይዘዋል፤ የጂማ ክረምት ረጅም ነው፣ መስኮት ተዘግቶ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ አየር ይተነፍሳል። ተደጋጋሚ የሳንባ ምች፣ በአፍ ውስጥ ነጭ ሻጋታ፣ የማይድን ቁስል ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ካለ ግን የሚመረመረው ኤች አይ ቪና የደም ስኳር ነው፤ የትኛውም እንክብል እነዚህን አይተካም።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። እርሳቸው ከፋርማሲው ይልቅ ወደ እውነቱ ቀርበዋል፤ ሆኖም ሁለት ነገር ማረም አለብኝ።

እንጀራ በጥብቁ ፍቺ ፕሮባዮቲክ አይደለም። ሊጡ ውስጥ፣ እርሾው ውስጥ እልፍ ባክቴሪያና እርሾ አለ፤ ምጣዱ ላይ ሲጋገር ግን ሙቀቱ ይገድላቸዋል። ቆጮም እንዲሁ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ሳምንታትና ወራት ሲብላላ ሕያው ነው፣ ከተጋገረ በኋላ አይደለም። ይህ ማለት መብላላቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እርሾው ሊጡ ውስጥ ሥራውን ሠርቶ ነው የሞተው፤ ጤፉ ውስጥ ያለውን ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ቀንሶታል። የጤፉ አሰር ደግሞ ሳይነካ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ በዚያ የሚጠብቁትን ባክቴሪያዎች ይመግባል። እንግዳ ባክቴሪያ ከመጋበዝ የቤቱን ማብላት ይቀድማል። ስለ ጠላም የሚጠይቁኝ አሉ፤ ሕያው እርሾ ሊኖረው ይችላል፣ አልኮሉም ይኖራል። ከጨጓራ ሕክምና ለተነሣ ሰው አልመክረውም።

እርጎ የተለየ ነገር ነው። ሳይሞቅ ከተጠጣ በእርግጥ ሕያው ነው። በውስጡ ላክቶባሲለስ፣ ላክቶኮከስና ሊውኮኖስቶክ የተባሉ ባክቴሪያዎች ይገኛሉ፤ ወተቱን የሚያረጉትና የሚያኮመጥጡት እነርሱ ናቸው። ሳይንስ ራሱ ወደ ፕሮባዮቲክ የገባው በእርጎ በር ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት የተጋራው ኤሊ ሜቺኒኮፍ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ የረዘመው በእርጎ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለ ዕድሜው ያለው እምነት ማስረጃ አላገኘም። ባክቴሪያው ለሆድ ይጠቅማል የሚለው ግን በአንድ ነጥብ ላይ ጸንቷል፦ ሕያው የእርጎ ባክቴሪያ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር፣ ላክቶስን፣ ለመፍጨት ይረዳል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ከብዙ ማመልከቻዎች መካከል ተቀብሎ ያጸደቀው ይህን ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመና 36 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናትም፣ ለአሥር ሳምንት የተብላሉ ምግቦችን አብዝተው የበሉት ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያቸው ስብጥር እንደጨመረ፣ ከብግነት ጋር የተያያዙ 19 ፕሮቲኖችም በደማቸው ውስጥ እንደቀነሱ አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም ተስፋ የሚሰጥ ውጤት ነው።

ችግሩ ያልፈላው ወተት ነው። በእኛ ቤት አክስቴ ቅሉን በወይራ አጥና ወተቱን ስታረጋ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ያ ጣዕም ዛሬም አፌ ላይ አለ። ነገር ግን ከታለበ በኋላ ሳይፈላ በረጋ ወተት ምክንያት የመጣ ብሩሴሎሲስ (ብሩሴላ በተባለ ባክቴሪያ ሰበብ ከከብት የሚተላለፍ በሽታ) ያለባቸውን ሰዎች አክሜአለሁ፤ ለሳምንታት የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም። አንዳንዶቹ ወደ እኔ ከመድረሳቸው በፊት ለወባና ለታይፎይድ ሁለት ሦስት ጊዜ ታክመዋል። የከብት ቲቢም በዚሁ መንገድ ይተላለፋል። «ኮምጣጣው ይገድለዋል» የሚል እምነት አለ። ኮምጣጣው ብዙ ጀርም ያዳክማል፣ ወተቱንም ከመበላሸት ያቆያል፤ በእነዚህ ግን አይታመንም። ማጠኑም ጥሩ መዓዛ ይሰጣል፣ የዕቃውን ጀርም ይቀንሳል፣ በላሟ ጡት ውስጥ ከነበረው ግን አያድንም።

ስለዚህ ባለቤትዎ እንዲህ ያድርጉ። ወተቱን ያፍሉት፤ ጂማ ከባሕር ወለል ወደ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለብሩሴላና ለቲቢ ይበቃል። ከዚያ ያብርዱት፤ ትንሿ ጣትዎ ተነክራ እስከ አሥር ሲቆጥሩ ሞቃት ሆኖ ካላቃጠለ ልኩ ነው። ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ የታሸገና ስኳር ያልገባበት እርጎ ያማስሉበት። የታሸገው ያስፈለገው ማፍላቱ የወተቱን የራሱን ባክቴሪያ ስለሚገድል አዲስ እርሾ ስለሚፈልግ ነው፤ ከጎረቤት ቅል የተቀዳ እርጎ ከጨመሩበት ያመለጡትን በሽታ መልሰው አስገቡት ማለት ነው። ክዳን ያለው ንጹሕ ዕቃ ውስጥ አድርገው በጋቢ ይጠቅልሉት፤ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ያህል ቆይቶ ይረጋል። ቅሉን በወይራ ማጠን ከወደዱ ያጥኑት፤ ለጣዕሙ ነው። በቀን አንድ ብርጭቆ ይበቃል። አይብ በአብዛኛው የሚሠራው አሬራው ሞቆ ስለሆነ ሕያውነቱ አይታመንም፤ ለፕሮቲኑ ይብሉት።

የሆድዎ መነፋት ግን ምንጩ ከባክቴሪያ መዛባት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሰገራዎን ያስመርምሩ ያልኩት ለዚህ ነው። ተደጋጋሚ ልል ሰገራና የሆድ መነፋት በአገራችን ሲታይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጃርዲያ የተባለውን የአንጀት ጥገኛ ተሕዋሲ ነው። ሁለተኛ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል አሁንም እየዋጡ ነው? ብዙ ሰው ከሐኪሙ ትእዛዝ በላይ ይቀጥለዋል። የጨጓራ አሲድ በምግብ የሚገቡ ጀርሞችን የሚገድል የበር ዘበኛ ነው፤ አሲዱ በመድኃኒት ታግዶ ሲቆይ የአንጀት ኢንፌክሽን ዕድል ይጨምራል። ሦስተኛ፣ አንጀት ሲታመም የላክቶስ መፍጨት ለጊዜው ሊዳከም ስለሚችል ትኩስ ወተት ወይም ማኪያቶ ያባብሰዋል፤ ለሁለት ሳምንት ትተው ይዩት። አራተኛ፣ ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ከኢንፌክሽን ወይም ከመድኃኒት በኋላ የሚቀር የአንጀት መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በጭንቀት ይብሳል። አማርኛችን «ሆዴን ባር ባር አለው» ሲል በሕክምናው ቀድሞታል። ጫት የሚቅሙ ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩት፤ ሳይታጠብ የሚቀም ቅጠል የጥገኛ ትሎችና የጃርዲያ መንገድ ነው፣ ጫት አምፒሲሊን የተባለውን መድኃኒት ወደ ደም እንዳይገባ እንደሚቀንስም በየመን በተደረገ ጥናት ታይቷል፤ በአሞክሲሲሊን ላይ ያለው ተጽዕኖ አነስተኛ ነው።

ለጃርዲያ የሚሰጠውን ሜትሮኒዳዞል በግምት ገዝተው አይዋጡ። ሌላ ፀረ ተሕዋሲ መጨመር ያንኑ የሳሳውን ሕዝብ ደግሞ መምታት ነው።

ኤች ፓይሎሪው ስለመጥፋቱም ማረጋገጫ ያስፈልግዎታል፤ «ጨጓራዬ ተሽሎታል» ማረጋገጫ አይደለም። የሚሻለው በሰገራ ውስጥ የባክቴሪያውን አንቲጅን (የራሱን የባክቴሪያውን አካል ቁራጭ) የሚፈልገው ምርመራ ሲሆን፣ ፀረ ባክቴሪያውን ከጨረሱ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞሉን ካቆሙ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ይደረጋል። በደም የሚሠራው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት ወይም ለዓመታት «አለ» ሊል ይችላል። በእርሱ ተመርተው እንደገና መድኃኒት የጀመሩ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የእንክብሉን ዋጋ ለምርመራው ያውሉት። ቀሪው በየቀኑ ገበታዎ ላይ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ጎደሬ፣ ሙዝ፣ ገብስ ቆሎ እየተፈራረቀ እንዲገኝ ያድርግ፤ ሆድዎ እየነፋ ሳለ በአንድ ጊዜ አይጨምሩት፣ በሳምንት በሳምንት ያሳድጉት። ወደፊት ፀረ ባክቴሪያ ከታዘዘልዎና ተቅማጥ ካስፈራዎት፣ ፕሮባዮቲኩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ ሐኪምዎን ያማክሩ። ያን ጊዜ እሽጉ ላይ የንዑስ ዝርያው ሙሉ ስም፣ የአገልግሎት ጊዜው እስኪያበቃ የሚኖረው የሕያዋን ብዛት፣ የአቀማመጡ ሙቀት መጻፉን ይዩ። ሲመረት የነበረውን ብዛት ብቻ የሚጽፍ እሽግ በጉዞና በመጋዘን ውስጥ ስንቱ እንደሞተ አይነግርዎትም።

በካንሰር ሕክምና ላይ ላለ፣ በትልቅ የደም ሥሩ ቱቦ ለገባለት፣ በጠና ለታመመ ሰው ወይም ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ያለ ሐኪም ፕሮባዮቲክ አይስጡ። እ.ኤ.አ. በ2008 በኔዘርላንድስ በከባድ የቆሽት (ፓንክሪያስ) ብግነት በተያዙ ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ ፕሮባዮቲክ ከተሰጣቸው 16 በመቶ፣ ማስመሰያ ከተሰጣቸው 6 በመቶ ሞተዋል።

ሰገራዎ ውስጥ ደም ካዩ፣ ትኩሳት ካለ፣ ክብደትዎ ከቀነሰ ወይም ተቅማጡ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ፀረ ባክቴሪያ መውሰድዎንም ይንገሩ፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለ ባክቴሪያ አለና። ካልሆነ ግን ናሙናውን ጠዋት ትኩስ አድርገው በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ወደ ላቦራቶሪ ያድርሱ። ጃርዲያ በየቀኑ ስለማይወጣ በመጀመሪያው ምርመራ «የለም» ቢባልም በተለያዩ ቀናት ሁለት ተጨማሪ ናሙና ይስጡ።